ፊቱን ወደ አስፋልት ያዞረው ቤት

ከፋሲካ በኋላ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ልጁን ሲድር ሰመራ ድረስ ጠራኝ። ባለቤቴ ወይንሸት ጉልበቷን ስለሚያማት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ መንቀሳቀስ አልቻለችም፤ በእሷ ፈንታ ልጃችን ማርታ ከአዳማ መጥታ አብራኝ ተጓዘች። ያረፍነው ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ ሰባት ፎቅ ሆቴል ውስጥ ነበር። ክፍሌ ቆንጆ ነው፤ አልጋው ሰፊ፣ አንሶላው ነጭ፤ መስኮቱ ግን አይከፈትም። ወርጄ እንግዳ ተቀባይዋን ብጠይቃት "ኤሲ አለ እኮ አባባ፣ መስኮት ምን ያደርግልዎታል?" አለችኝ እየሳቀች። እውነቷን ነው ብዬ ተመለስኩ። ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ መብራት ሄደ። ያ ሁሉ መስታወት ፀሐዩን ሰብስቦ እኔ ላይ የደፋው መሰለኝ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ሲጣበቅ ጄኔሬተሩን መጠበቅ አቃተኝና አምስት ፎቅ በደረጃ ወርጄ ወጣሁ። ከሆቴሉ ጎን ሌላ ሕንፃ እየተሠራ ነበር። ፊቷን በሻሽ የሸፈነች የቀን ሠራተኛ ትናንት የተሞላውን ኮንክሪት በጎማ ውሃ ታጠጣለች። አዲስ ሲሚንቶ በዚያ ሙቀት ውሃ ሲነካው የሚወጣውን ሽታ የሠራበት ሰው ያውቀዋል፤ የአቧራና የዝናብ ቅልቅል ይመስላል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ አዲስ ሕንፃ ባየ ቁጥር አፍንጫውን የሚነፋ ሽማግሌ አይደለሁም። ዕድሜዬን የበላሁት ቤት በመንደፍ ነው። ከጎረቤቷ ከተማ ከሎግያ መውጫ ሆኜ ሰመራን በሩቁ ሳያት፣ እነዚያ ረጃጅም ሕንፃዎች በሜዳው መሀል ተሰልፈው ሲያበሩ፣ ልቤ ሞቅ ይላል። እኛ ስንመጣ እኮ እዚህ የነበረው ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስና አስፋልቱ ብቻ ነው። አስፋልቱ ላይ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ የሚወርዱ፣ ከጅቡቲ ስኳርና ብረት ጭነው የሚመለሱ ተሳቢዎች ያልፋሉ። ሹፌሮቹ በድንጋዩ መሀል ችካል ስንተክል እያዩ በመስኮት ብቅ ብለው "ምን ጠፍቶባችሁ ነው?" ይሉናል። ዋና ከተማ እየሠራን ነው ብንላቸው ማን ያምነናል!

እኔ ያኔ የንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ፕላን ትሬሲንግ በሚባለው ስስ ወረቀት ላይ በቀለም የምገለብጥ፣ መስክ ወጥቼ ልኬት የማስይዝ። ከአዋሽ ነው የተዛወርኩት። አዋሽ የተጋባንበት ቤት የባቡር ሠራተኛ የነበሩት የወይንሸት አባት ቤት ነው፤ ግድግዳው ክንድ የሚያህል ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን በረንዳ የከበበው፣ ደጁ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት። ማን እንደነደፈው አላውቅም፤ ሰውየው ግን ሙቀት ምን እንደሆነ ገብቶታል። እኛ ወጣቶቹ በዚያ ቤት እንስቅ ነበር። የአያት ቤት ነው፣ ጨለማ ነው እንላለን። የሚያምረን ፎቅ ነበር።

ሰመራ የሚታደርበት ቤት ስላልነበር እኛ ሠራተኞቹ መጀመሪያ የኖርነው ሎግያ ተከራይተን ነው፤ ወይንሸት አዋሽ ቀርታ ነበር። የሎግያ ነገር ተነግሮ አያልቅም። ሻይ ሠላሳ አምስት ሳንቲም፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከሻይ አምስት እጥፍ የሚበልጥ፣ እሱም በረዶ የያዘ መኪና ከመጣ ነው። ከጅቡቲ የገባ አበባ ያለበት ሸሚዝ፣ ትከሻው ያበጠ ኮት፣ በጠርሙስ የሚሸጥ ሽቶ በየበሩ ተሰቅሎና ተደርድሮ ይታያል። እኔ ራሴ ቤት ስገባ ሽርጥ፣ ሥራ ስሄድ ወገቡ ላይ የታጠፈ ሰፊ ሱሪ ነበር የምለብሰው። ካሴት ቤቱ ከሹፌሮቹ ምግብ ቤት ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ በአንደኛው የትግርኛ፣ በሌላኛው የሱዳን ዘፈን ይለቀቅና ሁለቱ መሀል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ዛሬም የሱዳን ዘፈን ስሰማ የተጠበሰ ፍየል ይሸተኛል።

ሐሊማን የማውቃት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ያኔ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ረጅም፣ ቀጭን የአፋር ሴት ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በዱብቲ በኩል ከወንድሟ ዘንድ ትታ እኛ መሥሪያ ቤት በጽዳትና በተላላኪነት ተቀጥራ ነበር። መስክ ስንወጣ ውሃ ይዛ አብራን ትመጣለች። አማርኛዋ "አንቱ" የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሚኒስትርም ቢመጣ "አንተ" ነው የምትለው። ማንም ተቀይሟት አያውቅም።

የመጀመሪያውን የሠራተኞች መኖሪያ ቦታ በችካል ልናስምር በወጣንበት ጠዋት ነገሩ ተጀመረ። ባለ አራት ፎቅ ነው። ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ያኔ ግን ከአዋሽ እስከ ገላፊ መነጋገሪያ ነበር። ፕላኑ የመጣው ከላይ፣ ከአዲስ አበባ ነው። እኛ የምንወስነው ፊቱን ወዴት እናዙር የሚለውን ብቻ ነበር። ኃላፊያችን ኢንጂነር ደረጀ "ወደ አስፋልቱ" አለ። አስፋልቱ ያለው በምዕራብ በኩል ነው። ችካሉን ስንመታ ሐሊማ ጀሪካኗን አስቀምጣ ስታየን ቆየችና ወደ እኔ ቀረበች።

"በሩና መስኮቱ ወዴት ነው?"

"ወደ አስፋልቱ።"

"ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትመጣው በዚያ ነው" አለች። "እኛ ቤት ስንተክል ጀርባውን ነው የምንሰጣት። አንተ አታውቅም?"

አውቃለሁ። እንዴት አላውቅ፣ አዋሽ የኖርኩ ሰው! ማታ ቢሮ ኢንጂነሩን "ትንሽ ብናዞረውስ?" አልኩት፤ በደካማ ድምፅ። ቀና ብሎ አየኝና "ዋና ከተማ ለመንገደኛ ጀርባውን ይስጥ? ሰው ሲያልፍ ምን ይበለን?" አለኝ። ሥራዬ አዲስ ነበር። ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለተኛ ጊዜ ብናገር ምናልባት ይሰማኝ ነበር። አልተናገርኩም። በማግስቱ መስመሩን በገዛ እጄ በቀለም አሰመርኩት። ወይንሸት እንደ ልጃገረድ እየጓጓች በየሳምንቱ "ቤቱ የት ደረሰ?" እያለች በደብዳቤ ስትጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ ቧንቧው ስጽፍላት ኖርኩ፤ ስለ ፀሐዩ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ቤቱ ሲያልቅ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። ቁልፉን የተቀበልኩበት ቀን ደረጃውን ስንት ጊዜ ወጥቼ እንደወረድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ቀለሙ ክሬም፣ በሩ ቡናማ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነጭ ሸክላ! ወይንሸት ከአዋሽ ዕቃዋን ጭና ስትመጣ ቧንቧውን ከፍታ እጇን ሳታነሣ ዝም ብላ ውሃውን ታይ ነበር። በየቀኑ ከሎግያ ደረጃ ሊያይ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አንድ ሽማግሌ ጊሌያቸውን፣ የአፋሩን ጩቤ፣ እንደታጠቁ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው፣ ግድግዳውን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው፣ "ማሻአላህ" ብለው ወረዱ። ሐሊማ ግን አልወጣም አለች። የምታጸዳው ምድር ቤቱን ብቻ ነው። "ሰው ከሰው ራስ በላይ እንዴት ይተኛል?" ትላለች። እሷ ከሕንፃው ጀርባ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ደቦይታዋን ተከለች፤ የአፋር ሴቶች ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሚሠሯትን ክብ ቤት። ከላይ ከመስኮት ሲያዩዋት የተደፋ ቅርጫት ታህላለች። እኛ ፎቅ ላይ ሆነን እናዝንላት ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ ቤታችንን አወቅነው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ በረንዳችንን ትይዝና እስክትጠልቅ አትለቅም። ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ማታ ይተፋዋል። ጄኔሬተር የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ እሱ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ሦስተኛ ፎቅ ውሃ የለም። ወይንሸት ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐሳባችን ወሯ ሲገባ አዋሽ እናቷ ዘንድ እንድትሄድ ነበር፤ ልጅቷ ግን ቀድማ መጣች። ሐኪም ቤት በሰላም ተገላግላ፣ በሦስተኛው ቀን ያቺን ትንሽ ነገር በነጠላ ጠቅልለን ደረጃውን ወጣን።

በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ለምሳ ስመለስ ወይንሸት መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። "አስራት፣ አልጠባ አለችኝ" አለች። ልጅቷ ቀልታ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ አንገቷ እንደ ጨርቅ ወደ ጎን ወድቋል። አታለቅስም። ውሃ ፍለጋ ባልዲ ይዤ ደረጃውን ስበር ሐሊማ ምድር ቤት ስትጠርግ አገኘችኝ።

"ምን ሆነሃል?"

"ልጄ..." ብቻ ነው ያልኳት።

መጥረጊያዋን ጥላ ደረጃውን ወጣች። ያቺ "አልወጣም" ያለች ሴት በእጇ ግድግዳውን እየያዘች፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች። ገብታ ልጅቷን አየች፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ መልሳ አነሣች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። ልጅቷን ከወይንሸት እቅፍ ተቀብላ "ቢስሚላሂ" አለችና "ተነሺ እህቴ፣ እዚህ ሰው አይኖርም" ብላት ወረደች።

ደቦይታው ውስጥ ሰሌኑን በጥላው በኩል ከታች ከፍ አድርጋ ነፋስ አስገባችበት፤ ሌላውን ጎን ውሃ ረጨችው። ጎንበስ ብዬ ስገባ ፊቴን የነካኝ አየር የሌላ አገር አየር ነበር። ልጅቷን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ እያለች ታብሳታለች፤ ወይንሸት ከጡቷ ወተት ጠብ እያደረገች ከንፈሯን ታረጥብላታለች። እኔ ጤና ረዳቱን ፍለጋ ሮጥኩ። መጥቶ መረመራትና "ሙቀት ነው የጎዳት፤ ካሁን በኋላ ወደ ላይ እንዳትመልሷት" አለን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ጮኸች። ጩኸት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ጠባች። ወይንሸት የሐሊማን እጅ ይዛ አለቀሰች፣ ሐሊማ ደግሞ "ማልቀስ ወተት ያደርቃል" ብላ ተቆጣቻት።

ወይንሸትና ልጅቷ አርባ ቀን ያህል እዚያ ኖሩ። ሐሊማ አልጋዋን ለቀቀችላቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከዘመዶቿ የፍየል ወተት ታስመጣለች። ወይንሸት ማተቧን አንገቷ ላይ፣ ሐሊማ መስገጃዋን ጥግ ላይ፣ ሁለቱ በማይገናኝ አማርኛ ሲስቁ እኔ ከላይ፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ወይንሸት "ይሄን ቤት እንዲህ አድርጎ ያስቀመጠው ሰው ልጅ የለውም መሰለኝ" አለችኝ አንድ ቀን። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ። ሐሊማ እዚያው ነበረች፤ ወተቱን ማማሰሏን ቀጠለች።

ሰው ቢገባበትም ቤቱ ገና በይፋ አልተመረቀም ነበር፤ ምረቃው ሳምንት ሲቀረው ኢንጂነሩ አስጠራኝ። እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ፎቶ አለ፤ ከጀርባ ያለችው ጎጆ ትነሣ፣ ደብዳቤውን አንተ ስጣት አለኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩና ቆምኩ። 

"ኢንጂነር፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ሻይ ልጋብዝህ" አልኩት።

"ምን ሻይ ነው?"

"ግድ የለህም፣ ና።"

መጣ። ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁትና በሩን ዘግቼ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሻይ አላፈላሁም። ትንሽ ቆይቶ ክራቫቱን ላላ አደረገ፤ ከዚያ መሐረቡን አወጣ።

"እጅህን ግድግዳው ላይ አድርግ" አልኩት።

አደረገና አነሣ። "የነገርከኝ ትዝ ይለኛል" አለ ቀስ ብሎ። "ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርከኝ።"

"አዎ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መስመሩንም ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ልጄ እዚህ ወለል ላይ ልትሞትብኝ ነበር፤ ያተረፈቻት እንዳስነሣት ያዘዝከኝ ሴት ናት። ደብዳቤውን እኔ አልሰጥም።"

ይዤው ወርጄ ደቦይታውን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሐሊማ ውሃ ሰጠችው፣ ጠጣ፣ የተኛችውን ልጅ አየ። ለረጅም ጊዜ አልወጣም። ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ ስሰጠው ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ከእኔ በላይም ሰው አለ" ብቻ አለ። ነገሩ የገባት ሐሊማ ነች። "አንተ አትጨነቅ" አለችው፣ "ቤቴን የምተክለው እኔ፣ የምነቅለውም እኔ። ለእንግዳ አንድ ቀን እነቅላለሁ።" በምረቃው ጠዋት ሁለት ዘመዶቿ መጥተው ሰሌኑን ጠቅልለው፣ እንጨቱን አስረው፣ ራቅ ካለው የግራር ጥላ ሥር ወይንሸትንና ልጅቷን እምብዛም ሳይረብሹ መልሰው ተከሉት። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ምረቃው ከሰዓት በኋላ፣ በፊት ለፊት፣ በአስፋልቱ በኩል ነበር። ሙሉ ልብስ የለበሱ እንግዶች በተርታ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ንግግር ሳያልቅ አንዱ ወንበሩን አንሥቶ ወደ ሕንፃው ጀርባ ሄደ። ሁለተኛው ተከተለው። ከዚያማ ማይክራፎኑም፣ ሪባኑም፣ ፎቶ አንሺውም፣ ሁሉም ተግተልትሎ የሐሊማ ደቦይታ ሲነቀል ክብ ምልክቱ የቀረበት ጥላ ውስጥ ገባ። ቤቱ የተመረቀው በጀርባው ነው። ኢንጂነር ደረጀ በሰው መሀል ፈልጎ አገኘኝና ጆሮዬ ሥር "የሚቀጥለውን አንተ አዙረው" አለኝ። አዞርኩት። ሁለተኛው ብሎክ ለአስፋልቱ ጎኑን የሰጠ፣ ባለ ሰፊ በረንዳ ነው፤ ሹፌሮች ይስቁበት ነበር፤ ሰው ግን ለመግባት ይሻማ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አዋሽ ተዛወርኩ። ሐሊማ ጡረታ ወጥታ ሎግያ ከልጇ ጋር እንደምትኖር እሰማ ነበር፤ በየኢዱና በየፋሲካው ስልክ እንደዋወላለን። ያቺ በዘጠነኛ ቀኗ አንገቷ የወደቀው ልጅ ማርታ ናት። የሠርጉ ማግስት ይዣት ሎግያ ሄድኩ። ሐሊማ ዓይኗ ደክሟል። የማርታን ፊት በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ ትከሻዋን ለካች፣ "ይቺ አልጠባም ያለችው ናት?" ብላ ሳቀች። ወተት አቀረቡልን፤ ስለ አዲሶቹ ሕንፃዎች ተጫወትን። "ወላሂ ያምራሉ" አለች። "ልጄ ያየችውን ትነግረኛለች፤ ማታ እንደ ሰማይ ነው ትላለች።" ለእኔ ግን ጨዋታው አልዋጥልኝ አለ።

"ሐሊማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አልኳት። "ያን ቤት ወደ ፀሐይ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ነግረሽኝ ነበር፤ እያወቅሁ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። "ብዕሩ በአንተ እጅ ነበር።"

"ያን ቀን ደረጃውን ስትወጪ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለወይንሸት ለምን አልነገርሻትም?"

"አራስ ነበረች" አለች። "ባሏን የምትጠላበት ጊዜ አልነበረም።"

ማርታ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አየችኝ። ተሰናብተን ወጥተን አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ስንጠብቅ "አባዬ፣ እማዬ አታውቅም?" አለችኝ።

"አታውቅም።"

ስልኳን አውጥታ ደወለችና ሰጠችኝ። ተሳቢዎቹ ወደ ገላፊ ይወርዳሉ፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ለወይንሸት ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐሊማ ያለችኝን፣ ኢንጂነሩን፣ በቀለም ያሰመርኩትን መስመር። ሠላሳ ዓመት የያዝኩት ነገር አንድ መኪና እስኪያልፍ አልቆየም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ? ወይንሸት?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። ቀጥላም "ለመሆኑ ሐሊማ ጤናዋ እንዴት ነው? ዓይኗን ሐኪም አይቶላታል?" አለችኝ።